ለድሪቶ የሚሆን ጨርቅ አመራረጥና ቅድመ እጥበት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ላይ ድሪቶ የምለው ልዩ ልዩ ቁራጭ ጨርቆችን አጋጥሞ፣ ከሥሩ ገበር አድርጎ፣ መሐሉ ባዘቶ ወይም ሌላ ሙሊት አስገብቶ ሦስቱን በስፌት በማያያዝ የሚሠራውን የአልጋ ልብስ ነው። ቃሉ «ደረተ» ከሚለው ግስ የመጣ ሲሆን፣ ብዙ ሰው የድህነት ምልክት አድርጎ ስለሚያየው ሲጠሩት እንኳ ያፍርበታል። እኔ አላፍርበትም፤ በደንብ የተሠራ ድሪቶ ከሱቅ ከሚገዛው ብርድ ልብስ ይበልጥ ዕድሜ አለው። ባሕር ዳር ውስጥ ስፌት ከሚማሩና ለቤታቸው ከሚሠሩ ሰዎች በተደጋጋሚ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ግን አብዛኞቹ ስለ ስፌቱ ሳይሆን ስለ ጨርቁ ናቸው፤ ከጥፋቶቹም አብዛኞቹ የሚጀምሩት መቀስ ከመነሳቱ በፊት ነው።

ለድሪቶ የሚስማማው ምን ዓይነት ጨርቅ ነው?

ድሩና ማጉ (በርዝመቱና በወርዱ የሚሄዱት ክሮች) አንድ በአንድ እየተላለፉ የተሠሩበት፣ መካከለኛ ውፍረት ያለው ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ነው። በገበያ «ፖፕሊን» ከሚባሉት ውስጥ ጠበቅ ያሉት ለዚህ ይሆናሉ። ጥጥ የሚመረጠው ካውያ ሲነካው እጥፋቱን ስለሚይዝ፣ ሁለት ቁራጮች ፊት ለፊት ሲደረደሩ ስለማይንሸራተቱ፣ ላብ ስለሚመጥና ደጋግሞ መታጠብን ስለሚችል ነው። ሳቲን ይንሸራተታል፣ ከፋይ ይወፍራል፣ የሚለጠጥ የሹራብ ጨርቅ ደግሞ ልኩን አይጠብቅም። ፖሊስተር የተቀላቀለበት ጨርቅ ለደንብ ልብስ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ከጥጥ ጋር ተገጣጥሞ ሲሰፋ ግን አንዱ ሲሰበሰብ ሌላው ስለማይሰበሰብ ስፌቱ ላይ ይጨማደዳል።

ሻጩ «እህቴ፣ ይኼ ኦርጅናል ጥጥ ነው» ሲለኝ በምን ላረጋግጥ?

በእሳት ነው የሚረጋገጠው። ሻጩን ከጫፉ ጥቂት ክር እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ጨርቁን የሚያውቅ ነጋዴም አይከለክልም። ከድሩም ከማጉም ለየብቻ አምስት አምስት ክር መዘው፣ እያንዳንዱን ጠምዘዝ አድርገው በወረንጦ ይያዙና ከቤት ውጭ፣ ከሥሩ ውኃ ያለበት ሳሕን አስቀምጠው በክብሪት ይለኩሱት። ጥጥ ከሆነ ቶሎ ይያያዛል፣ ነበልባሉ ከጠፋም በኋላ ፍሙ ትንሽ ይቆያል፣ ሽታው የተቃጠለ ወረቀት ሽታ ነው፣ አመዱም በጣት ሲነካ ብን ብሎ የሚጠፋ ግራጫ ዱቄት ይሆናል። ፖሊስተር ግን ከመንደዱ በፊት ከእሳቱ ይሸሻል፤ ይቀልጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሲቀዘቅዝም በጥፍር የማይደቅ ጠንካራ እንክብል ይተዋል። ትኩሱን የቀለጠ ክር በእጅ መንካት ክፉኛ ስለሚያቃጥል እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ።

ድሩንና ማጉን ለየብቻ መሞከር ያስፈለገው፣ አንዳንድ ጨርቅ በአንዱ አቅጣጫ ጥጥ፣ በሌላው ፖሊስተር ሆኖ ስለሚሠራ ነው። አመዱ ሲታሽ ከመሐሉ ጠጠር መሳይ ነገር ከተገኘ ጨርቁ ቅይጥ ነው ማለት ነው። ይህ ሙከራ ጥጥን ከሬዮን፣ ማለትም ከእንጨት በፋብሪካ ከሚሠራው ክር፣ እንደማይለይ ግን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ከተክል የሚገኙ በመሆናቸው የሚቃጠሉት በተመሳሳይ መንገድ ነው። ሬዮን ውኃ ሲነካው በጣም ስለሚደክም፣ ከጨርቁ አንድ ክር አርጥቦ መሳብ ይረዳል፤ እርጥቡ ክር ከደረቁ ይልቅ በቀላሉ የሚበጠስ ከሆነ መጠርጠር ይገባል።

ጥጥ መሆኑ ብቻ ጥሩ ያደርገዋል?

አያደርገውም። ጥጥ ሆኖ ሳሳ ያለ፣ በስታርች ብቻ ቆሞ የሚታይ ጨርቅ ብዙ ነው። መጀመሪያ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ይመልከቱት፤ የእጅዎ ጣቶች አንድ በአንድ ተለይተው የሚታዩ ከሆነ ለድሪቶ ሳስቷል፤ ሙሊቱም እያደር በቀዳዳዎቹ ሾልኮ ይወጣል። ቀጥሎ ጨርቁን በራሱ ላይ እጥፍ አድርገው በሁለት እጅ ይሹት። ነጭ ብናኝ ከወረደና የታሸው ቦታ ወዲያው ከለሰለሰ፣ ክብደቱ የክሩ ሳይሆን የስታርቹ ነበረ ማለት ነው።

በቁጥር መለካት ለሚፈልግ ደግሞ መንገድ አለ። ማስመሪያ ጨርቁ ላይ አስተኝተው በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያሉትን ክሮች በመርፌ ጫፍ እየነኩ ይቁጠሩ። በሌላው ዓለም ለድሪቶ ተብሎ የሚሠራው ጥጥ በየአቅጣጫው ከ24 እስከ 27 ክር ገደማ ይኖረዋል። ክብደቱም በካሬ ሜትር ከ135 እስከ 150 ግራም አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ወርዱ 110 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ አንድ ሜትሩ በሚዛን ላይ ከ150 እስከ 165 ግራም ቢመዝን ከጥሩዎቹ ጎራ ይመደባል። በአንዱ አቅጣጫ ያለው ክር በቁጥር ከሌላው በጣም ሲያንስ ጨርቁ በዚያ በኩል ስለሚላላ፣ ስፌቱ በተወጠረ ቁጥር ክሮቹ መርፌው ከወጋው ቀዳዳ እየሸሹ ስንጥቅ ይከፍታሉ።

የአበባና የመስመር ሕትመት ያለበት ከሆነ ደግሞ ጀርባውን ይገልብጡት፤ ጥሩ ሕትመት ቀለሙ ወደ ጀርባው ዘልቆ ይታያል፣ ላይ ላዩን ብቻ የተቀባው ግን በጥቂት እጥበት ይገረጣል። የሕትመቱን መስመር ከጨርቁ ክር ጋር ማስተያየትም አይርሱ። መስመሩ ከማጉ ጋር ሳይገጥም ዘሞ ከታተመ፣ በክሩ ቢቆርጡት ሥዕሉ ይጣመማል፣ በሥዕሉ ቢቆርጡት ጨርቁ ይለጠጣል። መፍትሔ የሌለው ጉድለት ይህ አንዱ ነው፤ ምንም ያህል ቢያምር አይግዙት።

አቡጀዲ ለድሪቶ ይሆናል?

ለገበር በጣም ይሆናል፤ እኔም ከሌላው አስበልጬ የምወደው እሱን ነው። ያልነጣው አቡጀዲ ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ቡናማ ነጥቦች የጥጥ ፍሬ ቅርፊት ስብርባሪ ስለሆኑ ጉዳት የላቸውም። ነገር ግን ስታርቹ ብዙ ነው። ለብ ባለ ውኃ ሳፋ ውስጥ ሲነከር ውኃው የሩዝ እጣቢ መስሎ ይነጣል፣ ጨርቁም ከፍ ያለ የጥሬ ጥጥ ሽታ ያወጣል፤ ሲደርቅ ሌላ ጨርቅ የሆነ ያህል ለስልሶና ተሰብስቦ ይገኛል። ስለዚህ አቡጀዲን ሳያጥቡ መቁረጥ ፈጽሞ አይገባም። ባሕር ዳር በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተተከለባት፣ በዩኒቨርሲቲዋም የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ቴክኖሎጂ የሚሰጥባት ከተማ ናት፤ ስለ ድርና ማግ የሚያውቅ ሰው በቅርብ አይጠፋምና በጨርቁ ላይ ጥርጣሬ ያደረበት ሰው ጠይቆ ቢገዛ መልካም ነው።

የሸማኔ ሥራ የሆነውን መነን ወይም የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ መጠቀም እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ሆኖም ከፋብሪካ ጨርቅ በተለየ መንገድ መያዝ አለበት። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ላላ ያለ ስለሆነ ውኃ ሲነካው ከፋብሪካው ይበልጥ ይጠጋጋል፣ ጠርዙም እንደተቆረጠ መተርተር ይጀምራል። ሁለት ጊዜ አጥበው፣ በካውያ ተኩሰው፣ ከጀርባው ስስ የጥጥ ጨርቅ በሰፋፊ ስፌት ደርበው ከዚያ ይቁረጡት። ጥለት ያለበትን ጫፍ ለማስገባት ካሰቡ ደግሞ ጥለቱ ላይ ቀለሙን የሚለቅ ክር ሊኖር ስለሚችል እሱን ለብቻ ይሞክሩት። የእናት ጋቢ ቁራጭ በድሪቶ መሐል ገብቶ ሲኖር የሚሰጠው ስሜት ለዚህ ሁሉ ድካም የሚበቃ ይመስለኛል።

ልባሽ ጨርቅስ?

የወንድ የጥጥ ሸሚዝ ከልባሽ ተራ ሲገኝ ጥሩ ግዢ ነው፤ ደጋግሞ ስለታጠበ መሰብሰቡንም ቀለም መልቀቁንም ባብዛኛው ጨርሷል። የክርኑና የአንገቱ አካባቢ ስለሚሳሳ በብርሃን አይተው ይተዉትና ጀርባውንና የእጅጌውን ላይኛ ክፍል ይጠቀሙ። እቤት ሲገባ ግን በሙቅ ውኃ መታጠብ አለበት።

ሳላጥብ ብሰፋው ምን ይሆናል?

ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል። ችግሩ የሚታወቀው ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያውን ትልቅ ድሪቶዬን የሠራሁት ለእህቴ አራስ ልጅ ነበር። ነጭና ደማቅ ቀይ ጨርቅ እያፈራረቅሁ፣ ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ በእጄ ሰፋሁት። ቀዩን የሸጠልኝ ሰው «ቀለሙ አይለቅም» ብሎኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ሳላጥበው ቆረጥሁት። ልጁ ወተት አስመልሶበት እህቴ ሳፋ ውስጥ ስትነክረው ውኃው እንደ ቀይ ሥር ወጥ ቀላ፤ ነጩ ሁሉ ሮዝ ሆነ፣ ሮዝነቱም እኩል አልነበረም፤ በየስፌቱ ዳር ጠቆር፣ መሐል መሐል ላይ ገርጣ ያለ ነበር። የተሰማኝን አልረሳውም። አንድ ሳፋ ውኃና ግማሽ ሰዓት ሁለት ወር ያድን ነበር።

ቀለም ከመልቀቅ ሌላ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው የመሰብሰብ ነገር ነው፤ አንዱ ጨርቅ 5 በመቶ ቢሰበሰብና ጎረቤቱ ባይሰበሰብ፣ ጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቁራጭ ላይ የ1 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይፈጠራል፤ አንዱ ይወጠራል፣ ሌላው ይጨማደዳል። ሁለተኛው በፋብሪካ የሚጨመረው ኬሚካል ነው። ጨርቅ እንዳይጨማደድ ተብሎ የሚነከርበት ሙጫ መሳይ ነገር ፎርማልዲሃይድ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህም ቆዳንና ዓይንን ይቆጣል፣ በእጥበት ግን ይቀንሳል። ለሕፃን የሚሠራ ማንኛውም ነገር ሳይታጠብ መሰፋት የለበትም የምለው ለዚህ ነው።

ጨርቁን ሳያጥቡ የሚሰፉ ልምድ ያላቸው ሰዎች መኖራቸውንም መናገር ተገቢ ነው። ያልታጠበ ጨርቅ ደረቅ ስለሆነ ለመቁረጥ ይመቻል፤ ደግሞም ድሪቶው ካለቀ በኋላ ሲታጠብ ሁሉም አብሮ ተሰብስቦ የሚያምር መጨማደድ ይሰጣል ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ የሚሠራው ግን ጨርቆቹ ሁሉ ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ዓይነት ጥጥ ሲሆኑና ቀለማቸው አስቀድሞ ሲፈተን ነው። እኛ የምንሠራው ከየሱቁና ከየልባሹ የሰበሰብነውን ቀላቅለን ነውና ይህ መንገድ አይሆነንም።

ምን ያህል ይሰበሰባል? ስንት ሜትር አስበልጬ ልግዛ?

መደበኛ የጥጥ ጨርቅ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይሰበሰባል ተብሎ ይታሰባል፤ ጠጉር ያለው የጥጥ ፍላኔልና አቡጀዲ ከዚያ ሊያልፉ ይችላሉ። 5 በመቶ ማለት 2.5 ሜትር ጨርቅ 12.5 ሳንቲ ሜትር ያጥራል ማለት ነው። የእርስዎን ጨርቅ ለማወቅ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ በክር ምልክት አድርገው፣ አጥበው፣ አድርቀውና ተኩሰው መልሰው ይለኩት፤ 48 ከሆነ 4 በመቶ ተሰብስቧል። ድሩ በሽመና ጊዜ ተወጥሮ ስለሚቆይ ብዙ ጊዜ ርዝመቱ ከወርዱ ይልቅ ያጥራል፤ ሁለቱን ለየብቻ ይመዝግቡ። እኔ በግዢ ጊዜ ከሚያስፈልገኝ ላይ አንድ አሥረኛ እጨምራለሁ፤ የተረፈው ለሚቀጥለው ድሪቶ ይሆናል።

አስተጣጠቡ እንዴት ነው?

መጀመሪያ የቀለም ሙከራ ይደረጋል። ከጨርቁ ጫፍ የመዳፍ ግማሽ የሚያህል ቆርጠው ሙቅ ውኃና ጥቂት ሳሙና ባለበት ነጭ ሲኒ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያቆዩት። ሲኒው ነጭ መሆኑ የውኃውን ቀለም ለማየት ነው። ከዚያ እርጥቡን ቁራጭ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ አስተኝተው እዚያው ይድረቅ፤ ዋናው ማስረጃ ይህ ነው። ውኃው ትንሽ ቢቀላም ነጩ ጨርቅ ካልነካካ የወጣው ትርፍ ቀለም ነበር፤ ነጩ ላይ እድፍ ከተወ ግን ያ ጨርቅ ብቻውን ደጋግሞ መታጠብ አለበት። ቀይ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅና ጥቁር ከሁሉ በፊት የሚጠረጠሩ ናቸው።

ለዋናው እጥበት ጨርቁን በቀለም ይለዩት። እንዳይተረተር የተቆረጡትን ጠርዞች በዚግዛግ ወይም በኦቨርሎክ ያስይዙ፤ መኪና ከሌለ አራቱን ማዕዘኖች በሰያፍ ትንሽ ትንሽ መቁረጥ ትርትሩን ይቀንሰዋል። ከዚያ ጨርቁ እንደ ልብ በሚንሳፈፍበት ብዙ ውኃ፣ ወደፊት ድሪቶው ሊታጠብበት በሚችለው ሙቀት፣ መጠነኛ ሳሙና ጨምረው ይጠቡት። በቀዝቃዛ ውኃ የታጠበ ጨርቅ ኋላ በሙቅ ሲታጠብ እንደገና ስለሚሰበሰብ የመጀመሪያው እጥበት ሙቅ ይሁን። በረኪና አይጨመርበትም፣ የልብስ ማለስለሻ ፈሳሽም አያስፈልግም። ውኃው ጥርት እስኪል ያለቅልቁ። መጠምዘዝ ክሩን ስለሚያዛባ በመጠምዘዝ ፋንታ በፎጣ ጠቅልለው ይጫኑት።

ጨርቁ ትንሽ እርጥበት ሲቀረው ከጠርዙ አንድ የማግ ክር መዘው፣ በተመዘዘው መስመር ይቁረጡና ሁለቱን የጎን ዳሮች አገጣጥመው እጥፍ ያድርጉት። እጥፉ ከተጣመመ በሁለት ሰው በሰያፍ ሳብ ሳብ አድርጎ ማቃናት የሚቻለው በዚህ ሰዓት ብቻ ነው። ካውያውን ጫን እያደረጉ ያንሱ እንጂ አይግፉት፤ የተገፋ እርጥብ ጨርቅ ይለጠጣል።

ጨው ወይም ኮምጣጤ ቀለም እንዳይለቅ ያደርጋል?

አያደርግም፤ ይህ ከእናቶቻችን ጀምሮ የመጣ እምነት ቢሆንም በጥጥ ላይ አይሠራም። ጨው በማቅለሚያው በርሜል ውስጥ ቀለሙ ወደ ጥጡ እንዲጠጋ ያግዛል፣ ኮምጣጤም ሱፍና ሐር በሚቀለሙበት የቀለም ዓይነት ላይ ያገለግላል። ቀድሞ ጥጥ ላይ ያልተያያዘ ትርፍ ቀለምን ግን ሁለቱም አያስሩትም። ያለው መድኃኒት ሙቅ ውኃ፣ ብዙ ውኃና ትዕግሥት ነው። ከአራት አምስት እጥበት በኋላም ነጭ ጨርቅ የሚያበላሽ ከሆነ ድሪቶ ውስጥ አያስገቡት፤ ሽርጥ ይሁን።

ጣና ዳር ወይም ዓባይ ወርጄ ባጥብ?

ውኃውን ቀድተው በሳፋ ይጠቡ፤ እጣቢውንም ከሐይቁ ራቅ አድርገው ይድፉ። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ጣናን ያስጨነቀው እንቦጭ የሚፋፋው ውኃው ውስጥ በሚገባ ንጥረ ነገር ነው፤ ፎስፌት ያለበት የሳሙና እጣቢም ከዚህ ይቆጠራል። የሐይቁ ጉዳይ ለዚህ ከተማ ሰው ሁሉ የራሱ ጉዳይ ነው።

በክረምት እንዴት ላድርቅ?

ቢቻል ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብዙ ጨርቅ ባያጥቡ ይመረጣል። የግድ ከሆነ በአንድ ቀን አንድ ሁለት ጨርቅ ብቻ አጥበው፣ ነፋስ በሚያገኝበት በረንዳ ላይ ሳይደራረብ ይሰቀል፤ ሳይደርቅ የታጠፈ ጥጥ በጥቂት ቀን ውስጥ ሻጋታ ይይዛል፣ የሻጋታው ጥቁር ነጥብም በእጥበት አይለቅም። በጥቅምትና በኅዳር ፀሐዩ በቂ ነው፤ እንዲያውም ስለሚበዛ ባለ ቀለሙን ገልብጠው ጥላ ሥር ይስቀሉት።

ጨርቁ ታጥቦ ሲለሰልስ ለመቁረጥ አስቸገረኝ።

የበቆሎ ስታርች በጣም አቅጥነው አፍልተው ካቀዘቀዙት በኋላ ጨርቁን ነክረው፣ አንጠባጥበው ይተኩሱት። እንደ አዲስ ደርቆ ይቆማል፣ ቁርጡም ቀጥ ይላል። ድሪቶው ሲያልቅ ስታርቹ በአንድ እጥበት ይወጣል፤ ስታርች ያለበት ጨርቅ ግን ነፍሳትን ስለሚስብ ሳይሰፉት ለወራት አያስቀምጡት።

ሙሊቱስ ይታጠባል?

ባዘቶ በእጥበት ስለሚጓጉል አይታጠብም፤ ይልቁንም ስፌቱን ቀረብ ቀረብ አድርጎ ማሰር ነው። የፖሊስተር ሙሊት አይሰበሰብም። በፋብሪካ የተዘጋጀ የጥጥ ሙሊት ግን እንደ ጨርቁ ከ3 እስከ 5 በመቶ ሊሰበሰብ ይችላል፤ የሚገዛ ሰው ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያንብብ።

ካጠብኩ በኋላ ወዲያው ካልሰፋሁትስ?

በደንብ ማድረቅና በንጹሕ የጥጥ ከረጢት ማስቀመጥ ይበቃል፤ ፌስታል እርጥበት ያፍናል። የታጠበውና ያልታጠበው እንዳይቀላቀል እኔ የታጠበውን ጨርቅ አንድ ጥጉን በነጭ ክር በሁለት ስፌት ምልክት አደርግበታለሁ፤ በትንሽ ወረቀት ላይም ከእጥበት በፊትና በኋላ የነበረውን ልክ፣ ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁንና የታጠበበትን ወር ጽፌ በመርፌ ቁልፍ አያይዘዋለሁ። ከዓመት በኋላ ከሳጥን ሲወጣ ቀዩ ጨርቅ ስንት ጊዜ እንደታጠበ የሚነግረኝ ያ ወረቀት ነው።